አንዲት ልጅ፣ አምስት መዝገብ

እንበልና አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከባቲ ገጠር ወጥታ ኮምቦልቻ ሰው ቤት ተቀጥራለች። ጥቃት ይደርስባታል። ጎረቤት ይደርስላትና ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች፤ ጣቢያው የሕክምና ማስረጃ መጠየቂያ ጽፎ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ይልካታል፤ ምርመራው ሲያልቅ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ያልፋል፤ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማረፊያ ያፈላልግላታል፤ ከወራት በኋላ ጉዳዩ ችሎት ይቀርባል። አምስት ቢሮ፣ አምስት መዝገብ። ሪፖርቱ ከከተማ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ ይህች ልጅ የምትቆጠረው አንድ ሆና ነው፣ ሁለት ወይስ አምስት? ባቲ ደግሞ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሥር ናት። ልጅቷ ነገ ወደ ቤተሰቧ ብትመለስ እዚያ ያለው ወረዳ ስለ እሷ የተጻፈ አንድ መስመር የለውም።

በሕፃናት ላይ የሚደርስ ጥቃትን የሚከታተለው አገራዊ ሥርዓት ሲገመገም ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከላይ ነው። ስትራቴጂ አለ ወይ፣ አስተባባሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል ወይ፣ ሶፍትዌር ገብቷል ወይ ይባላል። መጠየቁ አይከፋም፤ ግን መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ስለሆነ ብዙ አያስተምርም። ሥርዓቱ የሚያፈስሰው መጋጠሚያው ላይ ነው፤ ልጁ ከአንዱ ቢሮ ወጥቶ ወደ ሌላው በሚሄድባት መንገድ። ያን ለማየት ደሴና ኮምቦልቻ ጥሩ ቦታ ናቸው። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የከተማ አስተዳደር አላቸው፣ ትልቁ ሆስፒታል በአንዱ ነው፣ ፋብሪካውና የባቲ–ሚሌ መንገድ መገንጠያ በሌላው። ተጎጂ ልጅ በሁለቱ መካከል መመላለሱ የማይቀር ነው።

የግምገማው ሥራ የሚጀምረው ባዶ ቅጾችን በመሰብሰብ ነው። ከፖሊስ የሕፃናትና ሴቶች ጥበቃ ክፍል፣ ከሆስፒታል፣ ከዐቃቤ ሕግ፣ ከፍርድ ቤት፣ ከማኅበራዊ ጉዳይ፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ያልተሞላ ቅጽና ያልተሞላ የመዝገብ ገጽ ኮፒ ይወሰዳል። ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግቶ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ አንዱ መስመር ምንን ይቆጥራል? ፖሊስ የምርመራ መዝገብ ይቆጥራል። ሆስፒታል የታካሚን መምጣት ይቆጥራል። ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት ተከሳሽን ይቆጥራሉ። ማኅበራዊ ጉዳይ ድጋፍ ያገኘውን ሰው ይቆጥራል። አንድ ተጠርጣሪ ሦስት ልጆችን ቢጎዳ በፖሊስ 1 ነው። ሆስፒታል ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን፣ በ6ኛው ሳምንትና በ3ኛው ወር ለክትትል ስለሚመጡ 9 ሊሆን ይችላል። ፍርድ ቤት 1፣ ማኅበራዊ ጉዳይ 3። አራቱም በየቤታቸው ልክ ናቸው። አንድ ሰው ኤክሴል ላይ ሲደምራቸው ሦስቱ ልጆች 14 ይሆናሉ፤ ሌላው ደግሞ የፍርድ ቤቱን ብቻ ወስዶ 1 ይላል።

ቀጥሎ የጥቃቱ ስም ነው። ፖሊስ የሚጽፈው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ ነው፤ ሐኪም የሚጽፈው በጉዳቱ ዓይነት ነው፤ መምህር «አቋርጣለች» ብሎ ያልፋል። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚያሳስት ነገር አለ። አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚደነግገው በሴት ላይ ለሚፈጸም ድርጊት ነው። ስለዚህ 620ን፣ በልጆች ላይ የሚፈጸመውን የሚመለከቱትን 626ንና 627ን ብቻ ደምሮ «በሕፃናት ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት» የሚል ገምጋሚ ወንዶቹን ልጆች ከነአካቴው ሊያጣቸው ይችላል፤ በተመሳሳይ ጾታ ሰው የተጠቁት የሚመዘገቡት በ631 ነው። የወንዶች ቁጥር ዜሮ ሆኖ የመጣበት ሪፖርት ሲታይ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ቅጹ ነው። ያለዕድሜ ጋብቻ 648፣ ግርዛት 565 እና 566 ላይ ናቸው፤ እነዚህን ብዙ የከተማ ሪፖርቶች ከ«ጥቃት» ለይተው «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት» በሚል ሌላ ሰንጠረዥ ያስቀምጧቸዋል፣ አንዳንዴም ለሌላ ቢሮ። ዩኒሴፍ በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጥቃት ዓለም አቀፍ ምደባ ግድያን፣ ለሞት ያላደረሰ አካላዊ ጥቃትን፣ ወሲባዊ ጥቃትን፣ ሥነ ልቦናዊ ጥቃትንና ቸልተኝነትን ለያይቶ ያስቀምጣል። ያንን በአንድ ወረቀት ላይ አኑሮ የየቢሮውን ቃል ከጎኑ ማዛመድ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ቸልተኝነት ከሚለው ጎን አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥም ቃል አይገኝም።

ዕድሜ ብቻውን አንድ ቀን ይፈልጋል። ሕጉ የሚቆርጠው 13 እና 18 ላይ ነው፦ ከ13 በታች 627፣ ከ13 እስከ 18 ደግሞ 626። የጤና ሪፖርት የዕድሜ ክፍል ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 19 ይሄዳል፤ የ18 እና የ19 ዓመት አዋቂዎች ከልጆቹ ጋር ተቀላቅለው ይመጣሉ። አንዴ በክፍል ተጠቃሎ የወጣን ቁጥር መልሶ መፍታት አይቻልም። ስለዚህ የሚታየው ዋናው መዝገብ ላይ ዕድሜው በነጠላ ዓመት ተጽፏል ወይስ ምልክት ብቻ ነው የተደረገው የሚለው ነው። ከዚያ በኋላ ያ ዕድሜ ከየት መጣ? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገሪቱ የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ነው፤ በዚያው ዓመት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት ልጆች የልደት ምዝገባ ያላቸው 3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ዛሬ 14 ዓመቷ የሆነች የገጠር ልጅ ስትወለድ ልደት የሚመዘገብበት ቢሮ አልነበረም። ዐረብ አገር ለመሄድ የቀበሌ መታወቂያ ያወጣች ከሆነማ ወረቀቷ ከ18 በላይ ይላታል። ፍርድ ቤት ለሕክምና የዕድሜ ምርመራ ሲልካት የአጥንት ራጅ የሚሰጠው ግምት የአንድና የሁለት ዓመት ስህተት ይዞ ይመጣል፤ ይህ ስህተት ደግሞ ከ626 ወደ 627፣ ወይም ከልጅነት ወደ አዋቂነት ሊያሻግራት ይበቃል። መዝገቡ «ዕድሜ» ከሚለው ቀጥሎ «በምን ተረጋገጠ» የሚል ዓምድ ከሌለው ጉድለት ተብሎ ይጻፍ። ልደት ካርድ፣ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም፣ የራሷ ቃል፣ የወላጅ ቃል፤ አምስት ምርጫ ይበቃል።

ስም ደግሞ ወሎ ላይ የባሰ ነው። በአማርኛ አንድ ድምፅ ብዙ ፊደል አለው፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ተብለው ይነበባሉ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። መሐመድ፣ ሙሀመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሀመድ ለኮምፒውተር አራት ሰው ነው። ፋጡማና ፋጢማ፣ ሰይድና ሠይድ፣ እንድሪስና ኢድሪስ፣ ዘሀራና ዛህራ እንዲሁ። የቤት ሠራተኛ ልጅ ላይ ሌላ አለ፦ አሠሪዋ ሌላ ስም አውጥታላት ጣቢያ የሚመሰክሩት ጎረቤቶች የሚያውቋት በዚያ ስም ነው፤ ሆስፒታል ስትደርስ የአባቷ ያወጣላትን ትናገራለች። ስለዚህ ሁለት መዝገብ ሲመሳከር በስም ብቻ አይሆንም። የሚሠራው ጾታ፣ ዕድሜ ከአንድ ዓመት ልዩነት ጋር፣ የመኖሪያ ቀበሌ፣ የድርጊቱ ቀን ከሦስት ቀን ልዩነት ጋር፣ ከዚያ በኋላ ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ ተመልሰው የስሟና የአባቷ ስም የመጀመሪያ ሁለት ሁለት ፊደል። ከአምስቱ አራቱ ከገጠሙ ሁለት ሰው ለየብቻ አይቶ ይወስን፤ ካልተስማሙ «አጠራጣሪ» ተብሎ ይቆይ።

ቀኑም ራሱን ችሎ ያጣላል። የጤና ሪፖርት ወር የሚሄደው ካለፈው ወር 21 እስከ የያዝነው ወር 20 ነው። ሌሎቹ ቢሮዎች ከ1 እስከ 30 ይቆጥራሉ። ጥቅምት 25 የተፈጸመ ድርጊት ለፖሊስ የጥቅምት ነው፣ ለጤና የኅዳር። በዓመት ሲደመር ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ በወር ሲነጻጸር ግን ሁለቱ መሥመሮች ፈጽሞ አይገናኙም፣ ሰበቡን የማያውቅ ሰው ደግሞ «ሆስፒታሉ ሪፖርት ይደብቃል» ይላል። የጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀናት አንዱ ከነሐሴ ጋር፣ ሌላው ከመስከረም ጋር ያጠቃልላቸዋል፤ ጭራሽ የሚረሳቸውም አለ። ሰዓትን ማንም የማይጠይቀው ይመስላል፣ ግን ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ዓምድ እሱ ነው። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ደግሞ እስከ 120 ሰዓት ነው። ሥርዓቱ ለልጁ ይጠቅማል ወይ የሚለው በዚህ ይለካል፦ ከድርጊቱ እስከ ሆስፒታሉ በር ስንት ሰዓት ፈጀ? ብዙ መዝገብ ላይ «3:00» ተጽፎ ይገኛል። በሀገር አቆጣጠር ጠዋት ነው? ማታ? ወይስ በፈረንጅ ከሰዓት? የስድስትና የአሥራ ሁለት ሰዓት ስህተት 72ቱ ላይ ሲወድቅ ቀላል አይደለም። «ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ፣ ከሌሊቱ» የሚል ምርጫ ቅጹ ላይ ማተም ምንም አያስወጣም።

እነዚህ ከታወቁ በኋላ ቆጠራ ነው። የጤና ባለሙያዎች ይህን ያውቁታል፤ በየወሩ ከሪፖርቱ 12 የመረጃ ነጥብ በዕጣ መርጠው ሪፖርቱን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራሉ። ፖሊስና ማኅበራዊ ጉዳይ ዘንድ ይህ ልማድ ብዙ አይታይም። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አንድ ሩብ ዓመት ይመረጣል፣ መዝገቡ ላይ ያሉት ከ18 በታች ተጎጂዎች በእጅ እንደገና ይቆጠራሉ፣ የተገኘው ለላይ በተላከው ይካፈላል። 20 ተገኝቶ የተላከው 16 ከሆነ 1.25 ነው፤ ያነሰ ተልኳል። ከ0.90 እስከ 1.10 ያለው ይታለፋል፣ ከዚያ የወጣው ምክንያቱ ይፈለጋል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሪፖርት የሚሠራው ሰው ሪፖርት ካለቀ በኋላ የመጣን ጉዳይ ወደሚቀጥለው ወር ማስገባት መርሳቱ ነው፤ ወይም ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቀንና የተመዘገበበትን ቀን ማደባለቅ። ተንኮል ብዙም አያጋጥምም።

መጋጠሚያውን ለመፈተን ደግሞ ከጣቢያው 30፣ ከሆስፒታሉ 30 ጉዳይ ተመርጦ ዱካው በሁለቱም አቅጣጫ ይታያል። ከሁለት መዝገብ መደራረብ የጠፋውን መገመትም ይቻላል። ለምሳሌ ያህል፣ ፖሊስ 40 ልጅ፣ ሆስፒታል 30 ልጅ መዝግበው 12ቱ የጋራ ቢሆኑ፣ የታዩት በጠቅላላው 58 ናቸው። በየቁጥሩ ላይ 1 ተጨምሮ 41 በ31 ተባዝቶ ለ13 ሲካፈልና 1 ሲቀነስ 97 ገደማ ይመጣል፤ 39 ያህሉ በሁለቱም በር አልገቡም ማለት ነው። ይህን ቁጥር እንደ እውነት ይዞ መሮጥ ግን አደጋ አለው። ስሌቱ ሁለቱ መዝገቦች አንዱ ሌላውን እንደማይጠራ ይገምታል፤ እኛ ዘንድ ወደ ሆስፒታል የሚልከው ፖሊስ ራሱ ነው። ያኔ የጋራው ቁጥር ይበዛል፣ ግምቱ ከእውነቱ ያንሳል። በተቃራኒው ደግሞ ከ12ቱ አራቱ በፊደል ምክንያት ሳይገጥሙ ቢቀሩና የጋራው 8 ቢባል ግምቱ ወደ 140 ይዘላል። አራት ጊዜ ሐ በ ሀ መቀየሩ 43 ልጅ ፈጠረ። የስሙን ነገር ያረዘምኩት ለዚህ ነው።

መዝገብ ውስጥ ፈጽሞ የማይገባውም አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆችን ከአካላዊ ቅጣት የሚጠብቀው በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ነው። የወንጀል ሕጉ 576 ልጅን ማጎሳቆልን ይቀጣል፣ ግን ተገቢ የተባለውን ተግሣጽ ለብቻው ያወጣዋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ በቀበቶ የሚገረፍ ልጅ ካልቆሰለ በቀር ፖሊስ ዘንድ የለም። የዘላቂ ልማት ግቦች መለኪያ 16.2.1 ደግሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 17 ከሆኑት ልጆች ባለፈው ወር በአሳዳጊያቸው የተመቱ ወይም የተሰደቡ ስንት በመቶ ናቸው ይላል። ይህን የሚመልሰው ቤት ለቤት ጥናት ብቻ ነው፤ ከቢሮ ሪፖርት ላይ ለማውጣት የሚሞከረው ድካም ነው። ሁለተኛው በሽምግልና ያለቀው ነው። ወሎ ውስጥ አበጋር የሚባለው ባህላዊ አስታራቂ የከበደ ቦታ አለው፤ ደም ያደርቃል፣ ሰፈር ያስታርቃል። የልጅ ጥቃት እዚያ ሲገባ ግን ካሣው ለቤተሰብ ይከፈልና ምስክር ይቀራል። ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ሲዘጋው የሚጻፈው «ማስረጃ አይበቃም» ነው። ከተዘጉት መዝገቦች 20 መርጦ ገጹን እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ቃሏን የሰጠችው እናት በሁለተኛው ወር «አላውቅም» ያለችበት መዝገብ ከሌላው የተለየ ኮድ ይገባዋል።

የቁጥር መውጣትና መውረድ ሲተረጎም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዲስ የሕፃናት ጥበቃ ክፍል ሲከፈት ቁጥሩ ይወጣል፤ ጥቃት ጨመረ ማለት ላይሆን ይችላል። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይወርዳል፤ የሚያየውና የሚጠቁመው መምህር ስለሌለ። ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ሲገቡ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ቢሮዎች ተዘግተዋል፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። በእነዚያ ወራት ሰንጠረዥ ላይ «0» ከተጻፈ ውሸት ነው። ባዶ መሆን አለበት፣ ከጎኑም ሪፖርት የላኩ ቢሮዎች ቁጥር። «ከ10 ጣቢያ 4ቱ ልከዋል» የሚለው መስመር ከዋናው ቁጥር በላይ ይነግራል። አካፋዩም ያስቸግራል፤ በ1999ኙ ቆጠራ ደሴ 151,174 ሕዝብ ነበራት፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከሰሜን ወሎ ተፈናቅለው በየትምህርት ቤቱ የተጠለሉት በዚያ ትንበያ ውስጥ የሉም።

ምስጢር ላይ አጭር ልሁን። ለግምገማ ብሎ ልጅን ማነጋገር አያስፈልግም፤ ቅጹና መዝገቡ ይበቃል። ስም ከቢሮው አይወጣም፣ የሚመሳከረው እዚያው ነው። በቀበሌ ደረጃ ከ5 በታች የሆነ ቁጥር አይታተም፤ አንድ ቀበሌ ውስጥ «1፣ ሴት፣ 12 ዓመት» ማለት ስም መጥራት ነው። መዝገብን በስልክ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ግሩፕ መላክ ሲገኝ ደግሞ ግምገማው እስኪያልቅ አይጠበቅም፣ ያኔውኑ ይቁም ይባላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321 ከ2016 ጀምሮ አለ። ሁሉንም መዝገብ በፋይዳ ቁጥር እናገናኝ የሚል ሐሳብ ሲነሳ እሰማለሁ፤ ልጅን ዕድሜ ልኳን ከሚከተላት ቁጥር ጋር ጥቃቷን ማሰር ለእኔ አይዋጥልኝም።

ቀለል ያለው መፍትሔ ባለ ሦስት ቅጂ የመላኪያ ወረቀት ነው፣ ከካርቦን ጋር። መጀመሪያ ልጁን የተቀበለው ቢሮ ቁጥር ይሰጣል፤ የከተማ ፊደል፣ የቢሮ ኮድ፣ ዓመት፣ ተራ ቁጥር፣ ለምሳሌ ኮ/03/2018/017። ስም የለበትም። አንዱ ቅጂ ይቀራል፣ ሁለተኛው ከልጁ ጋር ይሄዳል፣ ሦስተኛው ተቀባዩ ቢሮ የደረሰበትን ቀንና ሰዓት ሞልቶ በ7 ቀን ውስጥ የሚመልሰው ነው። ያ ቁጥር በአምስቱም መዝገቦች ላይ አንድ ዓምድ ያገኛል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሦስተኛው ቅጂ ላይ ነው፤ የሚያመላልሰው ሰው ስላልተመደበ ጥራዙ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ለሚሄደው ደብዳቤ ሁሉ አስቀድሞ መልእክተኛ ይኖራልና ወረቀቱ በእሱ እንዲሄድ፣ የሚቆጥረው ሰውም በየወሩ መጨረሻ ስንት ተልኮ ስንት እንደተመለሰ ግድግዳ ላይ እንዲለጥፍ።